ከባለቤቱ ያወቀ…

ባለፈው ክረምት ቢሮ አስረከብኩ። ከንብረት ክፍል የመጣው ሰው ዝርዝሩን ይዞ ይጠራል፣ እኔ አሳያለሁ። ጠረጴዛ፣ አለ። ፋይል ካቢኔት፣ አለ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አራት፣ አለ። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ትልቅ ካርቶን ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የብሬል ማተሚያ ነው።»

«ይሠራል?»

«አልተከፈተም።»

ዝርዝሩን ገለጥ አድርጎ ዋጋውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ማነው ያስገዛው?»

«እኔ» አልኩት።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ካርቶን ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ለሦስት ዓመት የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ድጋፍ ቢሮ አስተባብሬአለሁ። የግቢውን ስም አልጠራም። ችግሩ የአንድ ግቢ ብቻ ስላልሆነ፣ ደግሞም ዋናው ጥፋተኛ እኔው ስለሆንኩ መጥራቱ አይጠቅምም።

*ሰኔ ላይ እንዴት እንደገዛን*

ቢሮውን በተረከብኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከፋይናንስ ተደወለልኝ። «ለልዩ ድጋፍ የተያዘ ገንዘብ አለ፤ እስከ ሰኔ 30 ካልተጠቀማችሁበት ተመላሽ ይሆናል» ተባልኩ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህቺን ስልክ ያውቃታል። ሰኔ ሲገባ የምንፈልገው የሚያስፈልገንን ዕቃ አይደለም፤ ቶሎ የሚገዛውን ነው።

ሦስት ሰዎች ተቀመጥን። ሦስታችንም እናያለን፣ ሦስታችንም እንሰማለን፣ ሦስታችንም ደረጃ እንወጣለን። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ስፔሲፊኬሽን ፊታችን አስቀመጥን። «ለዓይነ ስውር ምን ይገዛለታል?» ብለን ጠየቅን፤ መልሱንም እኛው ሰጠን። «ብሬል ነዋ!» አልን። ኢምቦሰር የሚባለው ትልቁ የብሬል ማተሚያ ተመረጠ። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ፣ ተጨበጨበ ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት በቢሮው መዝገብ ላይ አሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩ። ስድስቱ ጨርሶ የማያዩ፣ ሁለቱ በከፊል የሚያዩ፣ ሁለቱ መስማት የተሳናቸው፣ አንዱ በዊልቸር የሚሄድ። ዶርማቸው ከተሰበሰብንበት ክፍል በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። አንዳቸውንም አልጠራንም። ክፋት አስበን አልነበረም። እንዲያውም ያን ቀን ደግ ሥራ እንደሠራሁ ተሰምቶኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ማሽኑ ኅዳር ላይ መጣ። ሞዴል 19 ተቆረጠለት። ከዚያ በኋላ ነው የሚፈልገውን ማወቅ የጀመርነው። ወፍራም የብሬል ወረቀት ይፈልጋል፤ አልገዛንም። የተጻፈውን ወደ አማርኛ ብሬል የሚቀይር ሶፍትዌርና የሚያውቅበት ሰው ይፈልጋል፤ አላሰብነውም። ሲሠራ ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ ለብቻው ክፍል ይፈልጋል፤ የለንም። ሁሉም «በሚቀጥለው በጀት» ተባለ። የዋስትና ጊዜው ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አለቀ።

*«ወረቀት አለው?»*

ማሽኑ በገባ ሰሞን አንዲት የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም። ነጭ በትሯን አጥፋ ተቀመጠች።

«የብሬል ማተሚያ መጣልን» አልኳት፤ ደስ እንዲላት ጠብቄ።

«ወረቀት አለው መምህር?»

ዝም አልኩ።

«ግድ የለም፣ እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» አለችና ስልኳን አወጣች። መስታወቱ የተሰነጠቀ ተራ አንድሮይድ ነው። ቶክባክ የሚባለውን፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን አገልግሎት ከፍታ አንድ ሞጁል አሳየችኝ፤ አሰማችኝ ብል ይሻላል። ስልኩ የፋይሉን ስም አነበበ። «ፔጅ ዋን» አለ። ከዚያ ጸጥ። ጣቷን አንሸራተተች። «ፔጅ ቱ»። ጸጥ።

«ስድስት ኮርስ አለኝ። የአራቱ ሞጁል እንዲህ ነው» አለችኝ።

ሞጁሉ ፒዲኤፍ ነው፤ ግን ወረቀት በስልክ ወይም በስካነር ተነሥቶ የተሠራ ፒዲኤፍ። ለእኔና ለእናንተ ጽሑፍ ነው። ለማሽኑ ግን ፎቶ ነው፤ የሚያነበው ፊደል የለውም። ስለዚህ ልጅቷ አንባቢ ጓደኛ ትለምናለች። ጓደኞቿ ደጎች ናቸው፤ ያነቡላታል። ግን የሚያነቡላት የራሳቸውን ጨርሰው፣ ማታ ሲደክማቸው ነው። በፈተና ሰሞን ደግሞ አንባቢ አይገኝም። አንባቢውም ተፈታኝ ነዋ!

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መምህራኑ ሞጁሉን ሲጽፉት የነበረውን የወርድ ፋይል እንዲሰጧት። ወርድ ከሆነ ስልኳ ያነብላታል። ሳንቲም የማይወጣበት ጥያቄ።

ለአራቱም መምህራን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቱ በዕለቱ ላኩ። ሦስተኛው ጸሐፊ የተየበችው ስለሆነ ፋይሉ እንደጠፋ ነገረኝ። አራተኛው «ሶፍት ኮፒ ከሰጠሁ ነገ ፎቶ ኮፒ ቤት ይቸበቸባል» አለና እምቢ አለ። እኔም አልገፋሁበትም። የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ መቀያየም አልፈለግኩም። ለልጅቷ «እናያለን» አልኳት። «እናያለን» በኛ አገር ቢሮ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጥር ላይ ሁለት ኮርስ እንደምትወድቅ ስታውቅ ዊዝድሮዋል ሞልታ አገሯ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ሁለተኛ ዓመትን እንደ አዲስ ጀመረች። ዛሬ አብረዋት የገቡት አራተኛ ዓመት ናቸው፤ እሷ ሦስተኛ። ያቺ አንድ ዓመት የየትኛውም ኦዲተር ሪፖርት ላይ አትገኝም። ካርቶኑ ግን ተቆጥሮ ተገኝቷል፤ «ንብረቱ በእጅ አለ» ተብሏል።

*እኛ ብቻ አይደለንም፤ ግን እኛን የበለጠ ይጎዳናል*

ካፈርኩ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ቀድሞ ማንበብ ነበረብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ፊሊፕስና ዣኦ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 227 አካል ጉዳተኛ አዋቂዎችን ስለሚጠቀሙባቸው አጋዥ መሣሪያዎች ጠይቀው ነበር። ከመሣሪያዎቹ 29.3 በመቶው ጨርሶ ተጥሎ ተገኘ። ከመጣል ጋር የተያያዙት ምክንያቶች አራት ነበሩ። ሲመረጥ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁ፤ ዕቃው ብዙ ሳይጣራ በቀላሉ መገኘቱ፤ ዕቃው በደንብ አለመሥራቱ፤ የሰውየው ፍላጎት ከጊዜ ጋር መለወጡ። የመጀመሪያውን ሳነብ የሰኔ ስብሰባችን ታወሰኝ። ሁለተኛውን ሳነብ የፋይናንሱ ስልክ።

አሜሪካ ዕቃ ቢጣል ሌላ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በአንዳንድ ድሃ አገሮች ግን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውስጥ የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። ከመቶ ሦስት ብቻ በሚያገኙበት ዓለም የተገዛውን አንዱን ካርቶን ውስጥ ማስተኛት ነውር ነው።

ያገሬ ሰው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል። እኛ ሦስታችን ያን ቀን ከባለቤቱ ያወቅን ነበርን።

*መጀመሪያ ሰውየው፣ መጨረሻ ዕቃው*

ጆይ ዛባላ የተባሉ አሜሪካዊት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ በ1990ዎቹ ያቀረቡት ቀላል አሠራር አለ። አራት ጥያቄ በቅደም ተከተል። ተማሪው ማነው? የሚማርበት ቦታ ምን ይመስላል? ማድረግ ያለበት ሥራ ምንድን ነው? መሣሪያው ምን ይሁን? ዕቃው አራተኛ ነው። እኛ ከአራተኛው ጀምረን እዚያው ጨረስን።

ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። ግቢ ውስጥ ይዛችሁ ስትገቡ ግን ብዙ ነገር ይገለብጣሉ።

*ተማሪው።* በመዝገቤ ላይ «ዓይነ ስውር» ተብሎ የተጻፈ አንድ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበር። ብሬል እንዲማር ተመክሮ፣ ተማርሮ ይመላለሳል። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያነብ አየሁት። ለካ በከፊል ያያል! የዊንዶውስ ኮምፒውተር ራሱ ይዞት የሚመጣው ማጉያ አለ፤ ማግኒፋየር ይባላል፤ ነጻ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አድርገን ፊደሉን አተለቅነው። ከፊት ወንበር ተሰጠው። መምህሩ ደብዛዛውን ማርከር ትቶ በጥቁር እንዲጽፍ ተነገረው። ለዚህ ልጅ አንድም ዕቃ አልተገዛም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የማያስፈልገውን ስናቀርብለት ነበር።

መስማት ከተሳናቸው ሁለቱ አንዱ ደግሞ ከበጎ አድራጊዎች የተሰጠው የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ አለው። መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያኖረው። ለምን እንደማያደርገው ስጠይቀው በወረቀት ጽፎ መለሰልኝ። ድምፅ ይሰማዋል፤ ንግግር ግን አይሰማውም። መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ላደገ ልጅ የአስተማሪን ንግግር ግልጽ አያደርግለትም። ሰባ ተማሪ የሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ልጁ የሚፈልገው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ሞዴል 19 አይቆረጥለትም፤ ደመወዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን መስጠት ይቀለናል።

*ቦታው።* አንድ ድርጅት ለሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች ላፕቶፕ ሊሰጥ መጣ። አንደኛው አልፈልግም አለ። «ምስጋና ቢስ» ያሉት ነበሩ። ልጁ ግን ያሰበው ሌላ ነበር። ዶርሙ ውስጥ ስምንት ናቸው፤ የሚሠራ ሶኬት አንድ ነው፤ ሎከሩ ቁልፍ የለውም። «ቢሰረቅብኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ተኝቼ እንኳ ስለሱ ላስብ ነው?» አለኝ። መጀመሪያ ቁልፍ የሚሠራ ሎከር ተገኘለት፤ ከዚያ ላፕቶፑን ወሰደ። የመሣሪያው ግማሽ አካል ያ ጓጉንቸር ቁልፍ ነበር።

*ሥራው።* «ምን ዕቃ ትፈልጋለህ?» መጥፎ ጥያቄ ነው። ተማሪው ያላየውን ዕቃ ከየት አምጥቶ ይፈልጋል? የተሻለው ጥያቄ «ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሣ ጀምሮ ምን ምን ማድረግ አለብህ? የትኛው ላይ ትቸገራለህ?» ነው። ይህን ስጠይቅ መልሱ ሁሌም የተለየ ነበር። አንዱ ክፍል ሲቀየር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን አያየውም። ሌላዋ ማስታወሻ ትይዛለች ግን ፈተና ሲደርስ ከቀረጸችው አሥር ሰዓት ድምፅ ውስጥ የምትፈልገውን ማግኘት አትችልም። ሦስተኛው በዊልቸር የሚሄደው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ራምፕ አለ፣ ሕንፃው በሕጉ መሠረት ነው የተሠራው፤ ልጁ የሚፈልገው መጽሐፍ ግን ሁለተኛ ፎቅ ነው።

*የአማርኛ ጣጣ*

ስለ ስክሪን ሪደር ሲወራ ብዙ ሰው ገዝቶ መጫን ብቻ ይመስለዋል። ጃውስ የሚባለው ታዋቂው በዶላር የሚከፈልበት ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው ደግሞ በነጻ የሚወርድ ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። በእንግሊዝኛ ፋይል ላይ የኛ ተማሪዎች በኤንቪዲኤ ምንም አልጎደላቸውም። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ማመንጫም አማርኛ ያነባል። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ የለመደው ግን ይገባዋል።

ችግሩ ፋይሉ ላይ ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስንት ሰነድ በየቢሮው እንዳለ አስቡ። በነዚህ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። ስክሪን ሪደሩ ያንን ድርድር ነው የሚያነበው። እኛ «ማስታወቂያ» ብለን የምናነበውን እሱ ትርጉም የሌለው ጩኸት ያደርገዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ዛሬም በቆየው ፎንት የተተየበ ደብዳቤ ይደርሰኛል።

የሕግ ተማሪዋን ጉዳይ ላስታውሳችሁ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 አንቀጽ 40 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አማራጭ የፈተና ዘዴና ልዩ ልዩ የትምህርት መርጃ እንዲያቀርቡ ይል ነበር፤ «ሁኔታና አቅም እስከፈቀደ» የምትል ማምለጫ ቀዳዳም አለችበት። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። ልጅቷ ሁለቱንም ፈልጋ ፒዲኤፍ አወረደች። ሁለቱም ስካን የተደረጉ ነበሩ። መብቷ የተጻፈበት ወረቀት ራሱ ለእሷ «ፔጅ ዋን» ብሎ ዝም አላት።

በነገራችን ላይ ይህ እኛንም ይመለከታል። በየቴሌግራም ቻናሉ ደብዳቤ፣ መግለጫና ማስታወቂያ በፎቶ እንለጥፋለን። ከሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ ብንጨምር የሚያነብልን ሰው ቁጥር ይጨምራል። ይህን ቻናል የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን አሉ፤ በውስጥ መስመር ጽፈውልኝ አውቃለሁ።

*የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች*

አንደኛው ከግዥ ክፍል ይመጣል። «ጨረታ ለአንድ ሰው አይወጣም፤ ሁሉንም እየጠየቅን እንዴት እንገዛለን?» እውነት አለው። የመንግሥት ግዥ ስፔሲፊኬሽንና ውድድር ይፈልጋል። ነገር ግን ስፔሲፊኬሽኑን ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ተጠቃሚ ተማሪ ወይም ዓይነ ስውር መምህር ቢሆን የሚከለክል ሕግ አላየሁም። ናሙና መጥቶ ሁለት ተማሪዎች ለሳምንት ይሞክሩት ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሥልጠናውንና ጥገናውን፣ ወረቀቱንም ጭምር፣ በአንድ ሎት ማስገባት ይቻላል። ጀኔሬተር ስንገዛ ነዳጁን እንረሳለን እንዴ?

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። «ተማሪው ራሱ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ጠይቀነው ምን ሊለን?» ይባላል። ይህም እውነት ነው። ከገጠር ትምህርት ቤት በጓደኞቹ ዓይን ተምሮ የመጣ ልጅ ስክሪን ሪደር የሚባል ነገር መኖሩን የሚሰማው ግቢ ሲገባ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ግን ስለ እሱ እኛ መወሰን አይደለም። አሳይቶ፣ አስሞክሮ፣ ከዚያ መጠየቅ ነው። ጫማ እንኳ ሳንለካ አንገዛም።

ደግሞ ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 እነሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲወሰን አካል ጉዳተኞችን በቅርብ ማማከር ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የሶፍት ኮፒውን ክርክር በተመለከተም፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የተፈረመው ስምምነት የታተሙ ሥራዎችን ማየት ለተሳናቸው በሚነበብ መልክ አዘጋጅቶ መስጠት እንዲፈቀድ ያደርጋል፤ ኢትዮጵያም ተቀላቅላዋለች። ባልደረባዬ ፎቶ ኮፒ ቤቱን መፍራቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱን የከፈለችው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ያልደረሰችው ልጅ ናት።

አንዳንዴ «ከፈለጉ ይችላሉ፤ እነ የትነበርሽ ንጉሤን አታዩም?» የሚል አለ። የትነበርሽ ንጉሤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እንኮራባታለን። ግን የአንድ ሰው ብርታት የኛን ግዴታ አይሰርዝም። የሚያይ ተማሪ መካከለኛ ሆኖ መመረቅ ይፈቀድለታል። የማያየው ግን ለመመረቅ ብቻ ጀግና መሆን አለበት?

*በመጨረሻው ዓመት የሞከርነው*

ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ በጀት አልነበረንም። ባለመኖሩ ይሁን በሐፍረት፣ አሠራሩን ቀየርን።

በምዝገባ ሳምንት ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ጀመርኩ፤ በቢሮዬ ሳይሆን በሚያጠኑበት ቦታ። በነጻ የሚገኘውን አስቀደምን፦ ኤንቪዲኤ፣ ቶክባክ፣ ማግኒፋየር። ማንኛውንም ዕቃ ተማሪው በራሱ የቤት ሥራ ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞክረው «ተሰጠው» ብለን አልመዘገብንም። ሥልጠናውን የሰጠው እኔ አይደለሁም፤ ኤንቪዲኤን በራሱ ጥሮ የተማረ የአራተኛ ዓመት ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። ከወር በኋላ፣ ደግሞ ሴሚስተሩ ሲያልቅ፣ «ትጠቀሙበታላችሁ ወይ?» ብለን ተመልሰን ጠየቅን። ያልተጠቀመበትን አልወቀስነውም፤ ለምን እንደሆነ ጻፍን።

ተአምር አልተፈጠረም። ዛሬም ስካን የሚልኩ መምህራን አሉ። አስተርጓሚ አልተቀጠረም። ግን የሕግ ተማሪዋ ያን ዓመት ከስድስት ኮርስ የአምስቱን ሞጁል በወርድ አገኘች። ስድስተኛውን እኔና ሁለት በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች በሦስት ቅዳሜ ተየብነው። «እናያለን» ያልኳት ዓመት ቢሆን ኖሮም ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚወስደው።

አንድ ቀን ስለ ካርቶኑ ጠየቅኳት። «ማተሚያውን እንጣለው ወይስ ለሌላ ግቢ እንስጠው?» አልኳት። የጠበቅኩት «ስጡት» እንድትል ነበር።

«ለምን ይሰጣል?» አለችኝ። «ሞጁልማ በስልኬ ይሻለኛል። ፈተና ግን ሰው ሲያነብልኝ ጥያቄውን ደግሞ ደግሞ አንብብልኝ ማለት ያሳፍረኛል፤ እየተቸገርኩ ዝም እላለሁ። የፈተናው ወረቀት በብሬል ቢወጣ በጣቴ ስንቴም እመለስበት ነበር። ወረቀት ግዙለት እንጂ መምህር፣ ማሽኑ ምን አጠፋ?»

ማሽኑ ጥፋት አልነበረበትም። ለምን ሥራ እንደሚጠቅም የምታውቀው ሰው ከመጀመሪያውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅናት እኛ ነን።

ለተረከበኝ ባልደረባ ከቁልፉ ጋር አንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያው መስመር «የብሬል ወረቀት» ይላል። ሁለተኛው መስመር ላይ በግዥ ኮሚቴው እንዲቀመጡ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ተማሪዎች ስምና ስልክ አለ፤ አንደኛዋ እሷ ናት።

መምህር የሆናችሁ፣ ዛሬ ማታ የሞጁላችሁን የወርድ ፋይል ፈልጉና ለሚያስፈልገው ተማሪ ላኩ። ግዥ ላይ ያላችሁ፣ ሰኔ ሳይደርስ አሁኑኑ ተማሪዎቹን ጥሩ። ዕቃ ለመለገስ የምታስቡ፣ ከማስረከቢያው ፎቶ በፊት ግማሽ ሰዓት አብራችኋቸው ተቀመጡ። ተማሪዎች ደግሞ «እናያለን» ስትባሉ «መቼ?» በሉ።

ለሚመለከተው አድርሱልኝ። ቸር እንሰንብት!